አማቴ ለልጄ ራስ የተሳሉት ጥላ

ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰቤ እሺ ብሎ ያበቃው ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነበር። በጾም ሰርግ የለምና ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባለ። ሽማግሌዎቹ "ሁለት ወር ምን አላት" አሉ። እኛ ግን ገና ወጣቶች ነበርንና ሁለት ወር ብዙ ነገር አላት። እጮኛዬ ያን ጾም ወተት በአፉ አልዞረም፤ ቅቤ የነካው ማንኪያ እንኳ ይጸየፍ ነበር። ሌላውን ግን አልጾመም። እኔም አልጾምኩም፣ ምን ልዋሽ።

ከሰርጉ በኋላ እሪ በከንቱ ሰፈር፣ አማቴ ቤት ገባን። አማቴ ባላቸውን ቀብረው አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ከጊዮርጊስ ደጅ የማይጠፉ፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ እንኳ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጸልዩ ሴት ነበሩ። ወር ይቆጥሩብኛል ብዬ ስለፈራሁ እርግዝናዬን ከሰርጉ ማግስት አስጀመርኩት። ሆዴ ቶሎ ሲገፋ "መንታ ነው" አሉ። እኔም መንታ ነው አልኩ።

ጥቅምት ላይ ሆስፒታሉ ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ የሚያሳይ መሣሪያ መጣለት ተባለ፤ አልትራሳውንድ። አማቴ መንታዎቹን ሊያዩ ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉኝ። ሐኪሙ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ወጣት ነው። ሆዴን ቀዝቃዛ ነገር ቀብቶ መሣሪያውን ሲያሳርፍበት መስታወቱ ላይ ግራጫ ነገር ተርመሰመሰ። አማቴ ጠጋ ብለው አዩና፣ "ልጄ፣ ይኼ ቴሌቪዥን አንቴናው ይስተካከል እንጂ" አሉት። እኔ ሳቅኩ፤ ሐኪሙ አልሳቀም።

"ስንት ወርሽ ነው?" አለኝ።

አማቴ ከጎኔ ቆመዋል። "አምስት" አልኩ።

አንድ ልጅ ነው አለ። ከዚያ የልጁን ራስ ስፋት ለካ፣ ደገመና ለካ፣ ፊቱ ጠቆረ። "ለአምስት ወር ጭንቅላቱ በጣም ትልቅ ነው" አለ። "ውሃ ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። አንጎሉ ውስጥ ዕጢ ወጥቶም ሊሆን ይችላል።" በሁለት ሳምንት እንድንመለስ፣ ያኔም እንዲህ ከሆነ እርግዝናው ይቀጥል አይቀጥል የሚለውን ሐኪሞቹ ተሰብስበው እንደሚወስኑ ነገረን።

 አማቴ ገና ከበሩ ሳንወጣ፣ "ጊዮርጊስ፣ የዚህን ልጅ ራስ ብታድንልኝ ዘርፉ ወርቅ የሆነ ጥላ አገባልሃለሁ" ብለው ተሳሉ።

ባሌ ከሥራ ሲወጣ ፒያሳ ኬክ ቤት ተገናኘን። ማኪያቶዬ ላይ እያለቀስኩ ነገርኩት። ግንባሩን ቋጠረ።

"ለወሩ ትልቅ ነው አለሽ?"

"አዎ።"

"ለየትኛው ወር?"

ተያየን። እኔ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ፣ እሱም ከጠረጴዛው ሥር በጣቱ። ሰባት ላይ ስንደርስ ሳቁ መጣብን። ባንኮኒው ጋ የቆመ ሰው ዞሮ አየን፤ ያ ዘመን ዝም ብሎ የሚስቅ ሰው የሚጠረጠርበት ዘመን ነው። ባሌ በመሀረቡ አፌን ሊይዝ ሲሞክር እሱ ባሰበት። ኬካችንን ሳንጨርስ ወጥተን ቸርችል ጎዳናን እጅ ለእጅ ተያይዘን እየሳቅን ወረድን። ፖስታ ቤት አጠገብ ስንደርስ ግን ልጁ የእውነት ታሞ ቢሆንስ የሚል ፍርሃት ያዘኝና ቆምኩ። ደህና ቢሆንም ደግሞ በዚያች አንድ ውሸቴ የተነሳ ልጄን ሊያጠፉብኝ ነው።

በማግስቱ ሹልክ ብዬ ልሄድ ስል አማቴ በሩ ላይ ለብሰው ጠበቁኝ። "ብቻሽን አትሄጂም" አሉ፣ አለቀ።

ሐኪሙ ፊት ተኛሁ። አማቴ የነጠላቸውን ጥለት እያፍተለተሉ ይጸልያሉ። "ዶክተር፣ ወሩን የነገርኩዎት ልክ አይደለም" አልኩ። የመጨረሻ የወር አበባዬ መቼ እንደነበር ጠየቀኝ። ጣራውን እያየሁ፣ "በሁዳዴ፣ ሁለተኛው ሳምንት" አልኩ። አማቴ መፍተልተላቸውን አቆሙ።

ሐኪሙ እርሳስ አንስቶ ደመረ። እንደገና የልጁን ራስ ለካ፤ አሁን ደግሞ የጭኑንም አጥንት ለካ። ሲጨርስ ጥርሱን አየሁት። "ዕጢም ውሃም የለም። ራሱም ጭኑም የደህና የሰባት ወር ልጅ ነው" አለ። ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ተኝቼ ስስቅ ሆዴ ተንቀጠቀጠ፣ መስታወቱ ላይ ያለው ልጄም አብሮኝ ተንቀጠቀጠ።

አማቴ ምኒልክ አደባባይ እስክንደርስ በጣታቸው ሲቆጥሩ መጡ። እዚያ ሲደርሱ ቆሙ።

"የጾሙ እኩሌታ፣ ደብረ ዘይት አካባቢ መሆኑ ነው" አሉ።

መሬት መሬቱን አየሁ።

"ያን ሰሞን እኮ ልጄ ሽሮው ቅቤ ቅቤ ይላል ብሎ ሳህኑን መልሶብኛል።"

ከንፈሬን ነክሼ ሳቄን ቻልኩት። "ጥላውስ ይቅር፣ እማማ? ዕጢ አልነበረም እኮ" አልኳቸው።

"ስለ ዕጢ ለጊዮርጊስ ምንም አልነገርኩትም። ራሱን አድንልኝ ነው ያልኩት፤ ራሱ ደህና ነው" አሉና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው ተሳለሙ።

ልጄ ታኅሣሥ ላይ ተወለደ። ጉንጩ ዓይኑን ሊሸፍነው የደረሰ ወፍራም ልጅ። ጠያቂው ሁሉ እያየው በልቡ ይቆጥር ነበር። ክርስትና ከተነሳ በኋላ በጊዮርጊስ ቀን ጥላውን ልናስገባ ሄድን። ደጀ ሰላሙ ላይ አንዲት ጎረቤታችን ልጁን ገልጣ እያየች፣ "በስንት ወሩ ነው የተወለደው?" አለች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

አማቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ሐሰት ተናግረው አያውቁም። ያን ቀን የወደድኳቸውን ያህል ማንንም ወድጄ አላውቅም። ጥላውን ከፍ አደረጉትና፣ "በሰባት" አሏት። "ይኼን ሁሉ ወርቅ እንዲያው ዝም ብዬ የተሸከምኩ መሰለሽ?"

እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ልጄን አጥብቄ ያዝኩ።