ውሃው ያልደፈረሰለት እንግዳ

በጭቃና በበረዶ ሲጓዝ የዋለ ሰው እግሩን ሲታጠብ ውሃው እንደ ምንጭ ጥርት ብሎ ከቀረ፣ ያ ሰው በምን መጣ ይባላል? ይህን ጥያቄ ከወጣትነቴ ጀምሮ ይዤው እኖራለሁ። ማንበብ የጀመርሁት ዘግይቼ ስለሆነ፣ ያመለጠኝን ለማካካስ ብዙ መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ አንዳንዱንም ደግሜ አንብቤዋለሁ። መልሱን ግን በአንዱም ውስጥ አላገኘሁትም።

ዘንድሮ ጥያቄውን የቀሰቀሰብኝ ፊልም ነው። ሰላም የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከእኔ ጋር ትኖራለች። እናቷ የምትኖረው መካነ ብርሃን ከተማ ነው፤ ልጇ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳት «ከእትዬ ውዴ ሌላ ለማን አምኜ እሰጣታለሁ?» ብላ ይዛልኝ መጣች። ከዚያ ወዲህ ጎንደር አራዳ ሰፈር ያለችው ቤቴ ባለ ሁለት ድምፅ ሆናለች፤ አንዱ የሰላም ወሬ፣ ሌላው የእኔ ዝምታ።

የሐምሌ ቅዳሜ ነበር። ከገበያ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ወጥቶ ቤት ገባሁ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ሰላም «እትዬ፣ ነይ፣ ነይ፣ ብቻዬን ፈራሁ» ብላ ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጠችኝ። ፊልሙ በፈረንጅ አገር ክረምት ማኪናቸው በበረዶ ተይዞ መንገድ የቀሩ ሰዎች ታሪክ ነው። መንገደኞቹ አንዲት ባዶ ቤት ገብተው ይጠለላሉ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ይንኳኳል። የሚያንኳኳው ድሮ በዚያው መንገድ ላይ በብርድ የሞተ ሰው ነው። ሰዎቹ አልጋውንም ጠረጴዛውንም እየጎተቱ በሩ ላይ ሲከምሩ ሰላም አብራቸው ትጮኻለች።

«ምነው አይከፍቱለትም?» አልሁ።

«እትዬ! ሙት ነው እኮ!»

«ቢሆንስ? በርዶታል።»

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «አንቺ ብትሆኚ በሶ በጥብጠሽ ትሰጪው ነበር» አለችኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ የፊልሙ በር እንደተንኳኳ ቀረ። ሰላም ተነሥታ የእኛን በር ቀረቀረችው። እኔ በጨለማው ተቀምጬ በወጣትነቴ የወጣሁትን የስሜን አቀበት አሰብሁ።

ያን ጊዜ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኝ ስምንተኛ ክፍል ነበርሁ። በልጅነቴ ተድሬ፣ ከትዳሩ ወጥቼ፣ ታናናሾቼ ከሚሆኑ ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥሁ ሰው ነኝ። ልጆቹ «እማማ፣ እርሳስ አለሽ?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እርሳስ ግን ሁልጊዜ ነበረኝ፤ የተቀረጸ። የክፍሉ አገር አቀፍ ፈተና የሚሰጠው ደባርቅ ነበር። ጓደኞቼ ቀድመው ሲሄዱ እኔ እናቴን ሳስታምም ቀረሁና በመጨረሻዋ ቀን ገብስ በጫነ ማኪና ላይ ተሳፈርሁ። ያ ፈተና ካመለጠኝ ወደ ባሌ ቤት እንድመለስ ወንድሞቼ ወስነው ነበር።

ከጭነቱ ላይ ከጎኔ የተቀመጡት አያ ተገኘ የሚባሉ የአገራችን ሽማግሌና ጥሩዬ የምትባል ወጣት እናት ነበሩ። ጥሩዬ ሕፃን ልጇን ደባርቅ ልታሳክም ነው። የሕፃኗ ትንፋሽ እንደ ተበሳ ወናፍ ያፏጫል። እኔ ስለ ፈተናዬ ማሰብ ያቆምሁት ያን ፉጨት ስሰማ ነው።

ሰኔ በቆላውና በከተማው የዝናብ መጀመሪያ ነው፤ በስሜን ተራራ ግን ሰኔ አይባልም፣ ሌላ ነገር ነው። ከአቀበቱ ወገብ ላይ ጎርፍ መንገዱን በልቶት አገኘነው። ሹፌሩ ወርዶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ዛሬ እዚሁ ነን» አለ።

«ልጄ እዚህ ብርድ ላይ አታነጋም» አለች ጥሩዬ። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

አያ ተገኘ ዱላቸውን አነሡ። «ቅድም ጉሙ ሳይወርድ ከወዲያ ማዶ ጭስ አይቻለሁ። ቤት ካለ ሰው አለ። ተነሡ።» ሌሎቹ ከማኪናው ጋር ሲቀሩ እኛ በእግር ተነሣን።

ጥቂት እንደ ሄድን ጉሙ ወረደ። ከዚያ በረዶው መጣ፤ እንደ ሽምብራ እየተፈናጠረ ፊታችንን ይገርፈን ጀመር። መሬቱ ከላይ ነጭ ነው፣ ሲረግጡት ጥቁር ጭቃ ነው። በጉም ውስጥ የቆመ ጅብራ፣ ያን የውርጭ አገር ተክል፣ አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። ቁመቱ የሰው ነው፣ አናቱ ጥምጥም ያሰረ ይመስላል። አያ ተገኘ አንዱን «እንደምን ዋላችሁ!» ብለው ሰላም አሉት። መልስ ሲያጡ «ምነው ይኸ ሰው ዝም አለኝ?» ብለው ተቆጡ። ጥሩዬና እኔ ሳቅን። ከዚያ በኋላ ግን የሳቀ የለም፤ መንገዱ ጠፍቶብን ነበር።

ነፋሱ ከፊት ለፊታችን ሳይሆን ከእግራችን ሥር መንፈስ ጀመረ። ያ ምን ማለት እንደሆነ የደጋ ሰው ያውቃል፤ ገደል አፋፍ ላይ ነን። አያ ተገኘ ዱላቸውን ወደ ፊት ሰደዱት፤ የሚነካው ነገር አጣ። በዚያው ቅጽበት የሕፃኗ ፉጨት ቆመ። ጥሩዬ ነጠላዋን ገልጣ አላየችም። 

ሰውየውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በስተ ቀኛችን፣ የበግ ጠጉር ባና ተከናንቦ ቆሟል። ጅብራ መስሎኝ ነበር፤ ጅብራ ግን አይራመድም። ጥቂት ሄደና ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ስንደርስበት እንደገና ሄደ። አያ ተገኘ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጭሱን ያየሁበት ቤት ልጅ ነው። ድምፃችንን ሰምቶ ሊቀበለን ወጣ። ሸጋ ሰው!» አሉን። እኛም አመንን። ምን የማናምንበት ምክንያት ነበረን? ሕፃኗ ሳል አለች። ያ ሳል ለጥሩዬ የደወል ያህል ነበር፤ እየሮጠች ትሄድ ጀመር።

ሊመሽ ሲል የቤት ጣሪያ ታየን። ውሻው እኛ ላይ እየዘለለ ጮኸ፤ ሰውየው ሲያልፍ ግን ዝም አለ። የቤቱ ሰው መሆኑን ያረጋገጥሁት በዚህ ነው።

«ቤቶች! የመሸብን እንግዶች ነን!» አሉ አያ ተገኘ።

«ግቡ፣ ግቡ! ቤት የእግዜር ነው» አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ።

ወይዘሮ አንጓች ይባላሉ። ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ፤ ይህን ያወቅነው ግን በማግሥቱ ነው። ሕፃኗን ከጥሩዬ ተቀብለው ከምድጃው አጠገብ አደረጓት፤ ደረቷን በለጋ ቅቤ አሹላት፤ ለእናቷ ትኩስ የገብስ አጥሚት ሰጡ። ብርዱ ከአጥንቴ ሲወጣ እንዴት እንደሚያም እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

በእኛ አገር እንግዳ እግሩ ሳይታጠብና እህል ሳይቀምስ ማን ነህ፣ ከየት መጣህ አይባልም። መጠየቁ «መቼ ትሄዳለህ?» ከማለት አይለይም። እንግዳም ቢሆን የቤቱን ሰዎች አንድ በአንድ አይመረምርም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ወይዘሮ አንጓች ምንም አልጠየቁን። እኛም ምንም አልጠየቅን።

«ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ነው እንጂ እኔው ነበርሁ የማጥባችሁ» ሲሉ ተነሣሁና ገበቴውን ተቀበልሁ። ከአያ ተገኘ ጀመርሁ። «ይኸ እግር ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም፤ ነገ አልራመድ ቢለኝ ባንቺ ነው» አሉኝ። ውሃው እንደ ቡን ጠቆረ። ደፍቼ ሌላ ቀዳሁ። የጥሩዬም እንዲሁ ጠቆረ። ደፍቼ ሌላ ቀዳሁ።

እኛን የመራን ሰው ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀምጧል። የምድጃው ብርሃን እስከ ጉልበቱ ብቻ ነበር የሚደርሰው። ተንበርክኬ እግሩን ገበቴው ውስጥ አስገባሁ። ተረከዙ የተሰነጣጠቀ፣ ብዙ የሄደ የገበሬ እግር ነው። ቀዝቃዛ ነበር። አሸሁት። ከጣቶቹ መሐል አሸሁት። ውሃውን አየሁት። እንደ ቀዳሁት ነው። አንዲት ቅንጣት አፈር አልነበረበትም።

እናቴ «እግር የምታጥብ ሴት ዓይን እንጂ አፍ የላትም» ትል ነበር። የእንግዳው እግር ቁስል ይኑረው፣ ሽታ ይኑረው፣ ያየሽውን ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ሁለተኛውንም እግሩን አጠብሁት። ስጨርስ አንዲት ነገር ተናገረኝ፤ ከእኔ በቀር የሰማ የለም። ውሃውን ወጥቼ ደፋሁና ተመለስሁ። ቀና ብዬ ግን አላየሁትም።

ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ ፀሐይ ወጣች። ሕፃኗ ጡት ይዛለች። ወይዘሮ አንጓች ቆሎ እያቀረቡ «ያ እበሩ አጠገብ የተቀመጠው ባልንጀራችሁ ምነው ቁርስ ሳይቀምስ ሄደ?» አሉ።

አያ ተገኘ ቆሎውን ወደ አፋቸው ሊወስዱ እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። «የእርስዎ ልጅ አይደለም እንዴ?»

«እኔ ልጅ የለኝም።»

 ጥሩዬ «ቅዱስ ሚካኤል ነው» ብላ መሬት ሳመች። አያ ተገኘ «የጎረቤት መንደር እረኛ ነው፤ ማልዶ ወደ ከብቱ ሄዶ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ራሳቸውን አላሳመናቸውም። ወይዘሮ አንጓች አማተቡና ወደ አቀበቱ አዩ። «ድሮ ጨው የሚጭኑ ነጋዴዎች በዚህ መንገድ ውርጭ ይዟቸው ቀርተዋል ይባላል። ቤት ፍለጋ ሲዞሩ ነው አሉ የቀሩት» አሉ። ከዚያ በላይ አላብራሩም።

እኔ የማንንም ቃል አልተቀበልሁም፤ የማንንም አልናቅሁም። እረኛ ከሆነ ጭቃው የት ሄደ? መልአክ ነው እንዳልል ተረከዙ ተሰንጥቋል። ደግሞ አብርሃምም በድንኳኑ ደጃፍ የማንን እግር እንዳሳጠበ አላወቀም ነበርና፣ ይህንንም ደፍሬ አልዘጋውም። ሙት ከሆነስ? ሙት ከሆነ ገደል አፋፍ ላይ ያሉ ሰዎችን ወደ ቤት የሚመራ ሙት ነው። እርሱ ያጣውን ቤት ለእኛ አገኘልን ማለት ነው።

መንገዱ በድንጋይ ተሞልቶ ማኪናው ሲደርስልን ደባርቅ ገባን፤ ፈተናው ገና አልጀመረም ነበር። ሕፃኗ ታከመችና ዳነች። እኔም ጣቶቼ ጭስ ጭስ እየሸተቱ ተፈተንሁ፤ አለፍሁም። ስለ ውሃው ግን ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። አንደኛ፣ የእናቴ ቃል አለ። ሁለተኛ፣ ባሏን ትታ የወጣች ሴት እንዲህ ያለ ነገር አየሁ ብትል ምን እንደሚሏት አውቃለሁ፤ ጠበል ውሰዷት ይላሉ እንጂ ትምህርት ቤት አይሏትም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዝምታው ለመደኝ። ያላጣራሁትን ነገር መናገር አልወድም፤ ይህ ደግሞ የማይጣራ ነው።

ያን የሐምሌ ምሽት ግን መብራቱ ቶሎ አልመጣም። ሰላም በጨለማው «እትዬ፣ ዝምታሽ ዛሬ ሌላ ነው» አለችኝ። እኔም ነገርኋት። ሳላስጌጥ፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቄ። አላቋረጠችኝም አልልም፤ ስለ ጅብራው ስነግራት ሳቀች። ስለ ሕፃኗ ስነግራት ግን ቀረብ ብላ ተቀመጠች፤ ታሪኩን ከአያቷ ከጥሩዬ በከፊል ሰምታዋለችና። ያቺ ሕፃን የሰላም እናት ናት።

«ውሃው ንጹሕ መሆኑን ካየሽ በኋላ ሁለተኛውን እግሩን አጠብሽው?» አለችኝ።

«እንግዳ ነው። ምን ላድርግ?»

«ምን አለሽ ታዲያ?»

ይህን ከዚያ ቀን ወዲህ በአፌ ብዬው አላውቅም ነበር። «‹ከታጠበልኝ ቆየ› አለኝ።»

 ሰላም ተነሥታ ሻማ ለኮሰች፤ የቀረቀረችውን በር ከፈተችው፤ የሲሊንደሩን ምድጃ ስታቀጣጥል ሰማሁ። ስትመለስ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዛ ነበር። ከፊቴ ተንበርክካ የገበያውን ጫማ ከእግሬ አወለቀችው። አልከለከልኋትም። ሪህ ያጎበጠውን ጣቴን ቀስ ብላ ስታሸው ዓይኔን ጨፍኜ «ከታጠበልኝ ቆየ» አልሁ።

እጇ ቆመ። እኔም የተናገርሁትን ሰማሁት። ሁለታችንም አንድ ላይ ሻማውን ወደ ሳፋው አስጠግተን አጎነበስን።

ውሃው የአራዳን ጭቃ ይዞ ደፍርሷል።