የሚሞቀው መሬት

ጎንደር አራዳ፣ ከቤቴ ጀርባ ያለው ብረት ቀጥቃጭ የድንጋይ ከሰል ባነደደ ቁጥር መስኮቴን እዘጋለሁ። ያ ድኝ ድኝ የሚለው ሽታ ግን መግቢያ አያጣም፤ ይገባና ጫማዬን ያስወልቀኛል።

ልጅ ሳለሁ ጭልጋ ነበርን። አባቴ የድንጋይ ከሰል ይቆፍር ነበር። አንድ ቀን ጉድጓዱ ተናደበት። ሰው ተሰብስቦ ሊያወጣው ሲታገል ከሰሉ ከውስጥ ተቀጣጠለና ጢሱ አላስጠጋ አለ። አባቴ እዚያው ቀረ። ከሰሉም ከመሬት በታች ሲነድ ከረመ። በላዩ ሣር አይበቅልም፤ የክረምት ዝናብ እንኳ ሲያርፍበት ይተናል።

ሐምሌ ላይ ከአይከል ገበያ ስንመለስ እናቴ እዚያ አስቀመጠችኝ። ጭቃ የያዘውን ጫማዬን አወለቀችና ብርድ ያደነዘዘውን እግሬን መሬቱ ላይ ዘረጋችው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ልክ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል።

ጎረቤታችን አያ ተገኘ ከመንገዱ ሆነው ጮኹ። «ምነው አንቺ! ልጅቱን ከዚያ አንሻት እንጂ! ውስጡ ባዶ ነው፣ ይናዳል!»

እናቴ ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም።

«ባዶስ አይደለም፣ አያ» አለች። እግሬንም መሬቱ ላይ ጫን አድርጋ ያዘችው።

እኔ ገና ያልተቆፈረ ከሰል አለ ማለቷ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ እናቴም የለችም። ወናፉ ሲነፋ፣ ሽታው ሲመጣ፣ በባዶ እግሬ ሲሚንቶው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከሥሩ ማንም የለበትም፤ አይሞቅም።