በሁዳዴ የተማርኩት ከበሮ

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ሲባል ድሮ እስቅ ነበር። የእህቴ ሰርግ ቀርቦ ሽር ጉድ ስንል አክስቴ ወድቃ ትከሻዋ ወለቀና ሳቄ ቆመ። ቆቦ ውስጥ በዘመዶቻችን ሰርግ ሁሉ ከበሮ የምትመታው እሷ ነበረች።

«ከበሮውን አንቺ ትመቺያለሽ» አለችኝ።

«ኧረ እትዬ! እኔ ማጨብጨቡም ይጠፋኛል።»

«እንግዲያው ዲጄ ጥሩ፤ እኔም ቤቴ እተኛለሁ» ብላ ፊቷን አዞረች። የምሯን ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችን እሷ ናት፤ እሷ የሌለችበት ሰርግ ምኑን ሰርግ ሆነ?

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ያኔ ግን ሁዳዴ ገብቷል። በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከበሮ አይመታም፤ እኔ ብደልቅ ጎረቤት ምን ይለኛል! ጓዳ ገብቼ በከበሮ ፈንታ የማሽላ ጆንያ ልመታ ተቀመጥኩ። እህቴ ስልኬ ላይ ሜትሮኖም የሚባል ነገር ጫነችልኝ፤ ቲክ፣ ቲክ እያለ ምቱን የሚጠብቅ።

«እሱ እንደ እትዬ አይቆጣሽም፤ ዝም ብለሽ ተከተዪው» አለች።

አይቆጣም፤ ግን ሰው አይጠብቅም። ትንሽ ሳመነታ ጥሎኝ ይሄዳል፣ ስደነግጥ ቀድሜው እገኛለሁ። ጆንያው ደግሞ ድምፅ የለው፤ ልክ መሆኔን በምን ልወቅ? ወጥ ሳማስል ቲክ፣ ባጃጅ ውስጥ ቲክ፣ ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ቲክ ይለኛል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አክስቴ የማታምነው ሰው ላይ ዓይኗን ተክላ ነው የምትውለው። ያን ሰሞን ሽንኩርት ስከትፍ ሳይቀር እጄን ታየኝ ነበር። እንዴት አልፈራ!

የሰርጉ ዕለት አክስቴ ከበሮውን ጠዋት ፀሐይ ላይ አስጥታው ቆዳው ተወጥሮ ጠበቀኝ። አንገቴ ላይ ሳጠልቀው የጓዳው ልምምድ ሁሉ ጠፋኝ። ምን ላድርግ፣ የስልኬን ማዳመጫ አንድ ጆሮዬ ውስጥ ወትፌ በሻሼ ሸፈንኩት። ገመድ የሌለው ዓይነት ነው፣ ማንም ያየኝ አልመሰለኝም። አክስቴ ፊት ለፊት ተቀምጣ ዓይኗን እጄ ላይ ተከለች።

መጀመሪያ እሰይ ነበር፤ እጄ ከቲኩ ጋር ገጠመ፣ ዳሱ አጨበጨበ። ከዚያ ሙሽራው ገባ። ከዋጃ የመጡት ወገኖቹ ግማሹን በትግርኛ ግማሹን በአማርኛ እያዜሙ ዘፈኑን አፋጠኑት፤ መሬቱን በእግራቸው ይደልቁታል። ሜትሮኖሙ ንቅንቅ አላለም። እኔም እሱን ሙጭጭ ብዬ ኋላ ቀረሁ። ጭብጨባው ተበታተነ።

«ምነው፣ ከበሮ መቺዋ ጾም አልፈታችም እንዴ!» አለች አንዷ የዋጃ ሴት፤ ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ላብ አጠመቀኝ። ሙሽሪት እህቴ አንገቷን ደፋች።

አክስቴ ሰው እየገፋች መጣች። ሻሼን ገለጥ አድርጋ ማዳመጫውን መዘዘችና የራሷ ጆሮ ላይ አድርጋ ትንሽ ሰማችው።

«ይኼን ደግሞ ማን ጠራው?» አለች።

«እትዬ በሞቴ፣ እሱን ካጣሁ እጠፋለሁ!»

«እግራቸውን እዪ» ብላ ማዳመጫውን ጉያዋ ከተተችና ሄደች።

ጆሮዬ ባዶ ሆነ። ማልቀስ አማረኝ። እግራቸውን አየሁ፤ አቧራው ይነሳል፣ ጫማው ይወርዳል። እጄን አብሬ አወረድኩ፣ አሁንም አወረድኩ። ልክ ነበርኩ? እኔ አላውቅም፤ ብቻ ጭብጨባው ቀስ በቀስ ተሰበሰበ።

ፈራ ተባ እያልኩ ቀና አልኩ። አክስቴ በደህናው እጇ ጭኗን እየመታች ታዜማለች። ወደ እጄ ዞር ብላ እንኳ አላየችም።