ከሦስት ዓመት በኋላ የተደረሰ ለቅሶ

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እትዬ ዓይናዲስ ትባላለች። በገባሁ ሰሞን አንቱ ብላት፣ «አንቱታሽን ለቄስ አስቀምጪው፤ እኔን አታስረጂኝ» አለችኝና ይኸው አንቺ እላታለሁ። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ከቤት የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። ልጄን ሄለንን አብራኝ ያሳደገቻት እሷ ናት ማለት ይቻላል።

እትዬ ዓይናዲስ የተወለደችው ኮሶዬ ነው። እናታቸው ስትሞት ራሷም ልጅ ሳለች ታናሽ እህቷን ሸዋረግን አዝላ፣ አብልታ አሳደገች። ሸዋረግ ቆላ ድባ ላይ ክንዱ የሚባል ገበሬ ሲያገቡ ድግሱን የደገሰችው እሷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ነው ራሷም አግብታ ጎንደር የገባችው። ባሏ ሲሞትባት ቅዳሜ ገበያ ጌሾና ብቅል እየሸጠች ሁለት ወንዶች ልጆቿን ለወግ አበቃች። በአፍ የሚረታት አልነበረም ይላሉ። አንዱ ጎረምሳ «እማማ፣ ብቅልሽ በቅሏል?» ቢላት፣ «ካንተ ጢም ይሻላል» ብላ ገበያውን አሳቀችበት።

እኔ የደረስኩት ግን ሌላዋ ዓይናዲስ ላይ ነው። ገበያውን ትታ በር ላይ ነበር የምትሸጠው። ለቅሶ ቤት ገንዘብ ትልካለች እንጂ አትሄድም። ቅዳሴውን ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ሆና ታስቀድስና ሳያልቅ ትመለሳለች። ጎረቤቱ «ልጆቿ ሥራ ከያዙ ወዲህ ኮራች» ይላል። ውሃ ስትጠጣ አይቼ አላውቅም፤ ከንፈሯን ታረጥብና ብርጭቆውን ታስቀምጣለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከጓሮ አጥር ላይ የታጠበ ጨርቅ አያለሁ። የሕፃን ጨርቅ ያላት እኔ ነኝ፤ ያ ግን የሄለን አልነበረም።

አንድ ቀን፣ «ምነው እትዬ፣ አመመሽ እንዴ?» አልኳት።

«እርጅና ነው። ሽንት ሲመጣ እንደ ባለዕዳ ሮጬ ነው የማመልጠው፤ አንዳንዴም ይቀድመኛል። አንቺ ዝም በይ፤ ለማንም እንዳትናገሪ።»

ሄለንን ላስከትብ ሐኪም ቤት ስሄድ አንዲት ነርስ ለተቀመጥነው ሴቶች፣ ሽንት ማጣደፍ መድኃኒት እንዳለው፣ እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸውን ሰዎችም በጥናት እየጠየቁ እንደሆነ ነገረችን። እኔ ችግር ሲነገረኝ ከማልቀስ መፍትሔ ማሰስ ይቀናኛል፤ እትዬ ዓይናዲስን በስንት ልመና ይዣት ሄድኩ።

ነርሷ ሲስተር ፀደንያ ትባላለች። የሽንት ምርመራ አዘዘችላትና ጥያቄውን ጀመረች። መልሱ «በጭራሽ»፣ «አንዳንዴ»፣ «ብዙ ጊዜ» ወይም «ሁልጊዜ» መሆን አለበት።

«መንገድ ሲወጡ ሽንት ቤት አላገኝ ይሆን ብለው ይጨነቃሉ?»

«በጭራሽ።»

«ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ሽንትዎ አጣድፎዎት አቋርጠው ተነስተዋል?»

«በጭራሽ።»

«በዚህ ምክንያት ከሰው ፊት አፍረው ያውቃሉ?»

«በጭራሽ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ!»

እኔ ግን ጨርቁን በየቀኑ አያለሁ። ስንወጣ፣ «እትዬ፣ ምነው ዋሸሽ?» ብላት ቱግ አለች።

«ምኑን ዋሸሁ? መንገድ አልወጣ፤ ሰው መሐል አልቀመጥ። ከየት አምጥቶ ያጣድፈኛል?»

በሁለተኛው ሳምንት ለሐኪሙ ቀጠሮ ስንመለስ፣ ሲስተር ፀደንያ ያንኑ ጥያቄ ከመጀመሪያው አንስታ ትጠይቃት ጀመር። እትዬ ዓይናዲስ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች።

«ሁለት ጊዜ የሚጠየቅ ሌባ ነው። ካላመንሽኝ ምን አስጠራሽኝ? ነይ የሄለን እናት፣ እንሂድ።»

«እናቴ፣ ይቀመጡ» አለች ነርሷ ክንዷን ይዛ። «የምንፈትነው እርስዎን አይደለም፤ ጥያቄውን ነው። በውጭ ቋንቋ ተጽፎ የመጣ ነው፤ እኛ ወደ አማርኛ መለስነው። የአገራችንን ሰው ሕመም በትክክል ይይዝ እንደሆነ ገና አናውቅም። ደግመን የምንጠይቀውም ለዚያ ነው።»

«እንግዲያው አልያዘም። እኔን አልያዘኝም።»

ሲስተር ፀደንያ እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። «ምን ብዬ ብጠይቅዎት ይሻል ነበር?»

እትዬ ዓይናዲስ ተመልሳ ተቀምጣ፣ «‹ከማን ቀብር ቀረሽ?› በይኝ» አለች።

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን እኔም የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የሸዋረግ ባል ክንዱ ሞተ። መርዶው እንደደረሳት ቆላ ድባ ልትሄድ ሚኒባስ ገባች። ገና ከተማው ሳያልቅ ሽንቷ መጣ። «አውርደኝ ልጄ» ብትለው ረዳቱ፣ «እማማ፣ አሁን ተሳፍረው አሁን?» ብሎ ቀለደ፤ ሰውም ሳቀ። ደግማ ለመናገር አፈረች። አዘዞ ሲደርሱ ግን መቀመጫው ርሶ ነበር። አጠገቧ ያለችው ሴት ቀሚሷን ሰብስባ ሸሸቻት። እሷም ወረደችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በእግሯ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ለእህቷ ምን ብላ ትላክ? ዝም አለች። የተዝካሩም ቀን ቀረች። ሸዋረግ በሰው፣ «እህት ነበረችኝ፤ ከባሌ ጋር ቀብሬያታለሁ በሏት» ብለው ላኩባት።

ነርሷ ዓይኗን ጠረገች። ጥያቄውን ጨርሳ የእትዬን ቃል ከሥር ጻፈች፤ ጥናቱን ለሚመሩት አስተማሪዎቿ እንደምታነብላቸውም ነገረቻት። «ከሕመሙ የተነሳ የቀሩበት ቦታ አለ?» የሚል ጥያቄ ይጨመር አይጨመር እኔ አላውቅም።

ሐኪሙ ኪኒን አዘዘላት፤ ሽንቱንም ቀስ በቀስ የማቆየት ልምምድ አሳያት። ውሃም ጠጪ ተባለች። በአንድ ቀን የሚድን አይደለም፤ ቢሆንም በሁለተኛው ወር አጥሩ ላይ ጨርቅ የማላይበት ጠዋት ይበዛ ጀመር። እኔም ደስ ብሎኝ፣ «በይ እንግዲህ፣ ቆላ ድባ እንሂድ። እንደ እኔ ከሆነ ሸዋረግ አንቺን ሲያዩ ይረሱታል» አልኳት። እንዲህ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ሄለንን አዝዬ ሄድን። በሰላም ደረስን። የሸዋረግ ግቢ ጋ ስንደርስ እትዬ ዓይናዲስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ከአጥሩ መግቢያ ላይ ሆና ድምጿን ለቀቀችው። በአገራችን ቀብር ያልደረሰ ሰው ስንት ጊዜ ቢያልፍም ከደጅ ጀምሮ አልቅሶ ይገባል፤ ባለለቅሶውም ወጥቶ አብሮ ማልቀስ አለበት።

«ልቀብርህ ተነስቼ ከመንገድ ብቀር፣
ገላዬ ነው የቀረ፣ ልቤስ እዚህ ነበር።»

ጎረቤቱ «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» እያለ ከየቤቱ ወጣ። ሸዋረግ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ያያሉ እንጂ አያለቅሱም። ልጃቸው ሙሉሰው እናቱንም አክስቱንም እያየ መግቢያ አጣ።

እትዬ ዓይናዲስ ደረቷን እየመታች በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ሽንቴ ነው የመለሰኝ ሸዋዬ! አዘዞ ላይ፣ ሰው መሐል ረጠብኩ፤ ኮርቼ አይደለም፤ አፍሬ ነው!» አለች።

አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፉ። ሸዋረግ ቀስ ብለው መጥተው ፊቷ ቆሙ።

«እኔ አንቺ ጀርባ ላይ እየሸናሁ አይደል ያደግሁት፣ እቴ?»

እትዬ ዓይናዲስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሸዋረግ ግን ቀጠሉ፤

«ማነው ሲያጥበኝ የኖረው? የሌላው ይቅር፤ እኔን ነው ያፈርሽው? ብቻዬን ሆኜ ደጅ ደጁን ሳይ ‹አሁን ትመጣለች፣ አሁን ትመጣለች› ስል ዋልኩ። ርሰሽ ብትመጪ ምን ነበረበት? የእኔን ቀሚስ አለብስሽ አልነበር?»

ያን ጊዜ ሁለቱም አለቀሱ። ለየብቻቸው ቆመው፣ ሳይነካኩ ነው ያለቀሱት። ከዚያ ሸዋረግ ፊታቸውን ጠርገው፣ «እህቴ ናት። ለክንዱ ነው የመጣችው፤ ተቀመጡ» አሉና ለጎረቤቱ አጎዛ አስነጠፉ። ምሳ ቀረበልን፤ እሳቸው ግን ከእኛ ጋር አልቆረሱም። እትዬ ዓይናዲስም እንጀራውን ትታ ውሃውን ብቻ ጨለጠችው። «ይቅር በይኝ» ብላ ጉልበታቸው ላይ ብትወድቅ፣ አነሷትና «ዛሬ አይሆንልኝም» አሏት።

ልንሄድ ስንል ሸዋረግ እኔን ወደ ጓዳ ጠሩኝ። ከሳጥናቸው አሮጌ ጋቢ አውጥተው ከሁለት ቀደዱና አንዱን አጣጥፈው እጄ ላይ አኖሩት።

«ውሃ ጠጥታለች፤ መንገዱም ይንጣል» አሉኝ። «ተቀምጣበት ትሂድ። እኔ ነኝ የሰጠሁሽ አትበያት።»

ስወጣ እትዬ ዓይናዲስ ጨርቁን አየችው። ማን እንደሰጠኝ አልጠየቀችኝም። ተቀብላኝ ደረቷ ላይ ይዛው፣ ወደ ኋላዋ እያየች ሄደች።