ያልበቀለው የመሠረት ድንጋይ

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ሰኞ በደጃችን እየለፈፈ ያለፈ የምርጫ መኪና ነው። መንገድ፣ ውሃ፣ ድልድይ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ይጠራል። ልጄ ከት ብላ ሳቀች። እኔ ግን ሁለት እጆቼን ደረቴ ላይ አጋጥሜ፣ ጎንበስ ብዬ ስሳለም ራሴን አገኘሁት።

«እማዬ፣ ማንን ነው?» አለችኝ።

ለመናገር ረጅም ነውና ልጻፈው።

ያን ጊዜ ላሊበላ፣ በአጎቴ በጌታነህ ሆቴል አልጋ አነጥፍ ነበር። ሆቴል ይባል እንጂ ስድስት ክፍል ናት። አጎቴ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ለወረዳ ምክር ቤት ሊወዳደር ተነሥቷል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ወደ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሳንሻገር በምናልፈው ወንዝ ዳር፣ የማዶ ሰዎች ወደ ከተማ በሚሻገሩበት ቦታ፣ ለድልድይ የመሠረት ድንጋይ አስቀምጦ ነበር። እምነ በረድ ነው፤ ስሙ ተቀርጾበታል። ሪባን ተቆረጠ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ጠላ ተጠጣ። ድልድዩ ግን አልመጣም።

ሚስቱ እትዬ ዘርትሁን ምላሷ ስለት ነው።

«ጌታነህ፣ ያ ድንጋይ ሁለት ክረምት ሙሉ ውሃ ጠጣ። እስካሁን አልበቀለም?»

«በጀት እየጠበቅን ነው። ከምርጫው በኋላ።»

«ወንዙስ በጀት ይጠብቃል?»

በፍልሰታ ጾም አንድ እንግዳ መጡ። ህንዳዊ ናቸው፤ ጠጉራቸው እንደ ባዘቶ የነጣ። ያስገረመን አማርኛቸው ነው። በወጣትነታቸው ወልድያ ሒሳብ አስተምረው ነበርና የዚያን ዘመን አማርኛ ሣጥን ውስጥ እንደ ከረመ የክት ልብስ አጣጥፈው አኑረውታል። «ተማሪ፣ ሽሮ ይገኛል?» አሉኝ። እኛም መምህር አልናቸው።

ሽሮውን እየበሉ ታሪካቸውን አወጉን። አገራቸው ተመልሰው መጀመሪያ የመንደር ሸንጎ ገቡ፤ ቀጥሎ የክልላቸው ምክር ቤት፤ በመጨረሻም የክልሉ የመንገድ ሚኒስትር ሆኑ። አጎቴ ይህን ሲሰማ ወንበሩን አስጠጋ።

«እንዴት አሸነፉ መምህር?»

«በስም። የአካባቢዬን ሰው ሁሉ በስሙ እጠራ ነበር። ሰው ስሙን ከጠራህለት ድምፁን አይነፍግህም።»

«ታዲያ ለምን ተዉት?»

መምህር ወደ ባዶው በር ተመለከቱ። «እኔ ትቼዋለሁ። እሱ ግን ተከትሎኝ መጥቷል» አሉ።

በማግስቱ ወደ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ እኔ መራኋቸው። ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል፤ ከአጠገባችን ያለው የገብስ ማሳ እንኳ በጠረኑ እንጂ በዓይን አይለይም። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ቆሙና ጽሑፉን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የአጎቴ ድልድይ ነው።»

«የታለ?»

«ገና ነው፣ መምህር።»

መምህር ሁለት እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አጋጠሙና ወደ ማዶው ዳገት ጎንበስ እያሉ፣ በማላውቀው ቋንቋ ስም ይጠሩ ጀመር። በያንዳንዱ ስም አንድ ጊዜ ጎንበስ ይላሉ። ሰባት ጊዜ። ማዶ ግን ከጭጋግ በቀር ማንም አልነበረም።

«እኔም እንዲህ ያለ ድንጋይ አስቀምጬ ነበር» አሉኝ። «ተመረጥኩበት። በሦስተኛው ክረምት ከእርሻ የሚመለሱ ሰባት ሴቶችን ወንዙ ወሰዳቸው። አይቆጡኝም። ቢሮዬ ደጅ ላይ ተራውን እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ይቆማሉ፣ በቃ።»

አማተብኩ።

ዋሻው ውስጥ ውሃው ከጣሪያው ጠብ፣ ጠብ እያለ የተቦረቦሩት ድንጋዮች ላይ ይወድቃል። ቄሱ ጸበል ረጩን። ውጭ ዝናቡ ያለ ርኅራኄ ወረደ። ካባራ በኋላ ስንመለስ ያ ጠዋት ቁርጭምጭሚት የማያሰጥም ወንዝ ቀልቶ ያገሳ ነበር። መምህር ድንጋዩ ጋ እንደገና ቆሙ፤ እንደገና ስም ጠሩ። ከሰባተኛው በኋላ ግን ቀና አላሉም። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ስምንተኛዋን አላውቃትም። ከእናንተ ወገን ናት። ስሟን ንገሪኝ።»

«ማንም የለም እኮ መምህር!»

«አረንጓዴ ጃንጥላ ይዛለች» አሉ።

እትዬ ዘርትሁን ጠዋት ማዶ ለቅሶ ልትደርስ አረንጓዴ ጃንጥላዋን ይዛ ስትወጣ አይቻታለሁ። እንግዳዬን እዚያው ትቼ ሮጥኩ።

ቤት ስደርስ እሳት ዳር ተቀምጣ አገኘኋት፤ እስከ ደረቷ በጭቃ ተለውሳለች፣ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። አጎቴ ፊቷ ቆሟል።

«ስሻገር ደራሽ መጣብኝ» አለች። «ጃንጥላዬን ነጠቀኝ፤ እኔንም ሊደግመኝ ነበር።» ባሏን ቀና ብላ አየችው። «ድንጋይህን ጨብጬ ነው የወጣሁት። ለካስ ለዚህ ይጠቅማል።»

መምህር ያሉትን ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። ለራት መጥተው ሲቀመጡ አጎቴ በቀስታ ጠየቃቸው፦ «መምህር፣ ያቺ ስምንተኛዋ… አሁንም አለች?»

እትዬ ዘርትሁን ጓዳ ሆና ምስር ትለቅማለች፤ ድምፅዋ ይሰማናል። መምህር ግን ወደ ደጁ አዩ።

«ቆማለች። ተራዋ ገና ነው።»

በማግስቱ ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸውን አልሰማሁም። ጃንጥላው በጎርፉ ሲሄድ አይተው ይሆናል እላለሁ አንዳንዴ፣ ራሴን ላጽናና። ነገር ግን ዓይናቸው ውሃው ላይ አልነበረም፤ ማዶ ዳገቱ ላይ ነበር። ስለዚህ ልጄ በምርጫ መኪና ስትስቅ እኔ አልስቅም። ከመኪናው ኋላ ማን እንደሚከተል አላውቅምና አስቀድሜ እሳለማለሁ።

አጎቴ ግን መምህር በሄዱ በዚያው ሳምንት ከውድድሩ ስሙን አስወጣ። ከጓሮው ባሕር ዛፎቹን ቆረጠ፤ ውሃው ጎደል ሲል ከማዶ ሰዎች ጋር ተሸክሞ አወረደና የእንጨት ድልድይ ሠራ። እምነ በረዱን ነቅሎ፣ ስሙን ወደ አፈሩ ገልብጦ፣ የመጀመሪያ መርገጫ አደረገው። ከዚያ እትዬ ዘርትሁንን እጇን ይዞ አሻገራት፤ ይዞም መለሳት።