ዛሊኻ ባሏን ያጎረሰች ዕለት

ዛሊኻን ሳስብ የሚታየኝ እጇ ነው። ፊቷ አንዳንዴ ይጠፋብኛል፤ እርጅና ነው። እጇ ግን አይጠፋም። የተፋቀ ኮኮናት እስከ አንጓዋ ለብሶ፣ ጣቶቿ ሽንኩርትና ቃሪያውን በሎሚ ሲያሹ፣ ከኋላዋ ደግሞ ያ ውሃ፣ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ ሳይለይለት ዝም ብሎ የተኛው ውሃ።

ጎረቤቴ ነበረች። ግቢያችንን የሚለየው አጭር የኮራል ድንጋይ አጥር ስለሆነ እሷ ስታነጥስ ከወዲህ "ይማርሽ" የምላት እኔ ነኝ። ባሏ ዶን ማኒኩ ዓሣ አጥማጅ ነው። ቱናን በዘንግ እየመነጨቀ ከባሕር የሚያወጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ምላሱ ፈጣን ሰው። ያ ምላሱ ሁለት ጊዜ ፈቷታል። አንዱ እናቷን ልትጠይቅ ዋና ከተማችን ማሌ ሄዳ ስለቆየች ነው። የሌላኛውን ምክንያት ሁለቱም ረስተውታል።

እኛ ደሴት ላይ ይሄ ብርቅ አይደለም። ሰው ይጋባል፣ ይፋታል፣ ይናፈቅና መልሶ ይጋባል። ቃዲው ራሳቸው በሦስተኛው ኒካህ "እናንተ ደግሞ መጣችሁ?" ነው ያሏቸው። ብቻ ሦስተኛው ፍቺ እንደ ሌሎቹ አይደለም። ሦስተኛ ከፈታት፣ ሌላ ባል አግብታ ከዚያኛውም ካልተለያየች በቀር ወደሱ መመለስ የለም። በዚያን ዘመን ደግሞ ባል ቃሉን ከአፉ ካወጣ አለቀ፤ ንዴት ነበር፣ ቀልድ ነበር ቢል የሚሰማው የለም።

በዚህ መሀል ከደሴታችን ማዶ ያ ሪዞርት ተከፈተ። ፈረንጆች ለጫጉላ ይመጡበታል። ቤቶቹ ውሃው ላይ ቆመዋል፤ ሲመሽ ከኛ ዳርቻ ሆነን ስናያቸው ከዋክብት ባሕር ላይ የፈሰሱ ይመስሉ ነበር። ሙሽሮቹ መዋኘትና መተኛቱ ይሰለቻቸዋል መሰለኝ የአገሩን ምግብ የሚያስተምራቸው ሰው ተፈለገ። ሺፋና የምትባል የኛው ደሴት ልጅ እንግሊዝኛ ስለምታውቅ እዚያ ትሠራ ነበርና ዛሊኻን ጠራቻት። ዛሊኻ ብቻዬን አልሄድም አለች። እኔም ኮኮናት ፋቂ ሆኜ ተከተልኳት።

እዚያ ስትሆን ሌላ ሰው ናት። አንድ ቀን በዶኒ፣ በኛው ጀልባ፣ ስንመለስ፣ "ናሲማ፣ ምግብ ስሠራ ዕድሜዬን ጨረስኩ፤ እንዴት ነው የምትሠሪው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አሁን ገና ነው ያገኘሁት" አለችኝ። ፊቷን ወደ ውሃው አዙራ ነበር የተናገረችው።

ማኒኩን ያበላሹት ወንዶቹ ናቸው። ወደቡ አጠገብ ከዛፉ ሥር የገመድ ወንበራቸው ላይ ተጋድመው ይጠብቁታል።

"ማኒኩ፣ ሚስትህ ለፈረንጅ ስትሠራ አንተ ምን በላህ?"

"ምን ይበላል? ዘንጉን ይልሳላ!"

አንድ አመሻሽ ላይ ድምፁን ባጥሩ በኩል ሰማሁት። "ነገ ያችን ዶኒ ከተሳፈርሽ የፍቺዋን ቃል እላታለሁ።"

"በላት!" አለች ዛሊኻ። ወዲያው ግን እኔ ዘንድ መጣች። "ናሲማ፣ ቢላትስ?"

"ከሄድሽማ ይላታል።"

"ዛሬ ስለ ዶኒው ብቀር ነገ ስለ ሩዙ ይላታል።"

"እንግዲያ ጥርስ የሌለውን ሱለይማንን አግብተሽ፣ እሱ ሲፈታሽ ወደ ማኒኩ ትመለሻለሽ።"

"ዝም በይ አንቺ! ሱለይማንማ አንዴ ካገኘኝ መች ሊፈታኝ!"

ሳቅን። ሳቁ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረች። "እሱንም እፈልገዋለሁ፣ እዚያ መሄዱንም እፈልገዋለሁ። ሁለት ነገር መፈለግ ኃጢአት ነው እንዴ?"

በነጋታው ሄደች። ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር፤ ዶኒያችን እየተንሳፈፈ ይሁን እየበረረ አይታወቅም። ከታች ኮራሉ፣ ቢጫ ዓሦቹ፣ የኛው ጥላ። ዛሊኻ እስክንደርስ ድረስ እጇን ውሃው ውስጥ እንደነከረች ነበር።

የዕለቱ ሙሽሮች ከፖላንድ የመጡ ናቸው፤ አግኔሽካና ቶማሽ። እሷ ቀጭን፣ ሳቂታ። እሱ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ ሽንኩርቱን እንደ ማገዶ ይፈልጠዋል። በዘንባባ ጣሪያው ጥላ ሥር፣ እግራችን አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ፣ ማስ ሁኒ ልንሠራ ቆምን። ማስ ሁኒ ቱናና ኮኮናት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከቂጣ ጋር የምንበላው። እኔ መፋቂያው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ኮኮናቴን እፍቃለሁ። ዛሊኻ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጨው በሎሚ አሽታ ዓሣውን ጨመረች፣ ኮኮናቱን ጨመረች፣ እጇን እስከ አንጓዋ ከተተች። "በማንኪያ አይሆንም በያቸው" አለቻት ሺፋናን። "እጅ ካልገባበት አይዋሃድም።"

ያኔ ነው የማኒኩን ዶኒ ያየሁት። ለሪዞርቱ ማድ ቤት ዓሣ የሚያቀርበው እሱ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ወደ ማድ ቤቱ አልሄደም። አንድ ትልቅ ቱና በጭራው አንጠልጥሎ፣ አሸዋውን እየረገጠ ቀጥ ብሎ ወደኛ መጣ። ሙሽሮቹ የትምህርቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡለት።

ዓሣውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። "ዛሊኻ!" አለ። "ናሲማ ትመስክር! ይቺም ልጅ ትመስክር! እኔ ዛሬ አንቺን—"

የኮኮናት መፋቂያዬ ቆመ። ዛሊኻ ግን አልቆመችም። ያ እጇ ከሳህኑ ሙሉ እፍኝ ማስ ሁኒ ይዞ ወጣና የማኒኩን አፍ ጥርቅም አድርጎ ሞላው።

እንዲያ ያለ ጉርሻ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሁለቱም ጉንጮቹ ተነፉ። ዓይኑ ፈጠጠ።

አግኔሽካ ሺፋናን አንድ ነገር ጠየቀቻት። ልጅቱ ተርበተበተች፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ቀባጠረችና ወደኛ ዞራ፣ "ዳታ ዛሊኻ፣ ይቅር በዪኝ" አለች፤ እኛ ዘንድ ታናሽ ታላቅ እህቱን ዳታ ነው የሚላት። "ባል ከባሕር ሲመለስ ሚስት ታጎርሰዋለች፣ ወጋችን ነው ብያቸዋለሁ። አኝኮ ሳይጨርስ ቢናገር ነውር ነውም ብያለሁ።"

"አበጀሽ" አልኳት።

አግኔሽካ ምኑንም ሳትጠረጥር እጇን ሳህኑ ውስጥ ነክራ ቶማሽን አጎረሰችው። የኛ ቃሪያ ደግሞ ይለያል። ሰውየው ቀላ፣ እንባው ወረደ፣ አሸዋው ላይ ተንበረከከ፤ ግን አልተፋም። እንባውን እያፈሰሰ ያኝካል። ማኒኩም ያኝካል። ሁለት ባሎች ፊት ለፊት ሆነው ሲያኝኩ፣ ከማኘካቸውና ከማዕበሉ ሹክሹክታ በቀር ምንም አይሰማም ነበር። ግን መዋጡ አይቀርማ! ሲውጥስ?

ማኒኩ የሚያለቅሰውን ሙሽራ አየ። ዛሊኻን አየ። እጇ እንደተዘረጋ ነበር። ዋጠ።

"ሎሚ ጎድሎታል" አለ።

"ምላስህ ነው የጎደለው" አለች ዛሊኻ።

ሙሽራይቱ ደግሞ ጠየቀች፤ ከተጋቡ ስንት ጊዜያቸው ነው? ሺፋና እየሳቀች ሦስት ጊዜ መጋባታቸውን ነገረቻት። አግኔሽካ አፏን በእጇ ያዘች። "ከሦስቱ የቱ ይሻላል በይው" አለቻት።

ማኒኩ ቱናውን ከጠረጴዛው አውርዶ አሸዋው ላይ ቁጢጥ አለ። ቢላዋ አንሥቶ ዓሣውን መበለት ጀመረ።

"ይቺ" አለ ቀና ሳይል። "ከዚህች በኋላ ሌላ የለማ።"

ዛሊኻ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ያን ዕለት የቀረውን እሱ አስተማረ፤ ዓሣው ከራስ ቅሉ እስከ ጭራው እንዴት እንደሚበለት፣ ሾርባው ሲፈላ አረፋው እንዴት እንደሚገፈፍ። እሷ ታርመዋለች፣ እሱ ይነጫነጫል። ቀትሩ እንዴት እንደሄደ አላውቅም፤ እስከ ዛሬ በሐሳቤ እዚያ ጥላ ሥር ፀሐይዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ሪዞርቱ ያችን ጉርሻ ወግ አደረጋት። ሙሽሮች በመጡ ቁጥር ሙሽራይቱ ታጎርሳለች፣ ባልየው ያለቅሳል። ማኒኩም ዓሣ ባይኖረው እንኳ ሊጎርስ ይመጣ ነበር። ወንዶቹ ሲያሾፉበት፣ "እናንተን ማን አጎረሳችሁ?" ይላቸው ጀመር። ምላሱ አልታረመም፤ በየሳምንቱ ይጣላሉ። ያችን ቃል ግን ሊላት ሲቃረብ ጥርሱን ነክሶ ከቤት ይወጣል፤ ዳርቻውን ዞሮ ዞሮ ሲበርድለት ይመለሳል። ደሴታችን ትንሽ ናት፤ ሩቅ አይሄድም።

አርጅቶ አልጋው ላይ ሞተ። ዛሊኻ ዒዳዋን፣ ባል የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን ወራት፣ በቤቱ፣ ሚስቱ ሆና ተቀመጠች። የወንድሙ ልጆች ውርሱን አስበው፣ "ኒካሁ ጸንቶ ነበር ወይ?" ብለው ለመጠየቅ ሲዳዳቸው ቃዲው፣ "እኔ ነኝ ያሰርኩት፤ የፈታው የለም" አሉ።

ቀኗ አልቆ ልትወጣ ሲሆን ጠዋት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ማዶ፣ ብርሃን የፈሰሰበትን ውሃ ታያለች።

"ዳንሽ እንግዲህ" አልኳት። "የምትፈሪው ቃል ከእንግዲህ የለም።"

"የለም" አለች። ከዚያ፣ "አይ ናሲማ፣ አሁን ማን ይጣላኝ?" አለችኝ።