በሩን የያዝኩት እኔ ነኝ

ይህን ለባሌም ለፓስተሬም ተናግሬው አላውቅም። እዚህ አሜሪካ፣ ጋርላንድ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ረሃቡ ስንት ጊዜ መስክሬ ሰው አስለቅሻለሁ። እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ግን እዘለዋለሁ።

ወሎ፣ እኛ መንደር፣ በር ዘግቶ መብላት ከስርቆት የከፋ ነውር ነበር። በሰባ ሰባቱ ረሃብ እናቴ የመጨረሻዋን እፍኝ ገብስ ቆላችና በሩን ያዢ አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጀርባዬን ለበሩ ሰጠሁ። ጎረቤታችን አያ ይመር አንኳኳ፣ በስሜ ጠራኝ። እኔ ገብሴን እያኘክሁ በሩን ገፋሁ። በማግስቱ በእኛና በሌላዋ ጎረቤታችን በእትዬ ጥሩነሽ ቤት መካከል ሞቶ ተገኘ።

ዝናቡ ከመጣ በኋላ ሽማግሌዎች ማን እንደዘጋበት ማጠያየቅ ጀመሩ። እኔን ማን ጠየቀኝ? ነገሩ ወደ እናቴ እንዳይዞር ፈርቼ፣ ቀድሜ፣ የቆሎው ሽታ ከእትዬ ጥሩነሽ ቤት ነበር የሚመጣው አልኩ። እሷ እንኳን የሚቆላ፣ የሚላስ አልነበራትም። ብትምል ማን ይመናት? እሳት የሚያስጭራት ጎረቤት እንኳ አጥታ ኖረች። እስከ ዛሬ የአገራችን ሰው ረሃቡን ሲያነሳ ስሟን አብሮ ያነሳል። ልጅ ነበርኩ ልበል? ካደግሁ በኋላስ አፌን ማን ያዘኝ?

ባለፈው እሁድ፣ እዚህ አሜሪካ ያደገችው የእትዬ ጥሩነሽ የልጅ ልጅ ሐና የረሃቡን ታሪክ ለኮሌጅ ትምህርቷ ከትልልቆቹ ስትቀዳ እኔም ዘንድ መጣች። ስልኳን ፊቴ አስቀመጠች።

“ሶ፣ እትዬ፣ በሩን የዘጋችው አያቴ ናት? ማለቴ፣ ዳዲ ስለሷ ምንም አያወራም።”

ተናገሪ አልኩ ለራሴ። ከአፌ የወጣው ግን “እንደዚያ ነው የሚባለው፣ የኔ ልጅ” የሚል ነበር። እንደዚያ ያስባልኩት እኔ ነኝ። እኔ!

ሐና መቅረጿን አቆመችና እጄን ያዘች።

“ኦኬ። እኔ በሷ ፈንታ ይቅርታ እጠይቃለሁ።”

እኔም “ይቅር ብያለሁ” አልኳት።

ስልክ ቁጥሯ አለኝ። ሥራ ከመግባቴ በፊት መኪና ውስጥ አወጣዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እስካሁን አልደወልኩም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር የምትለኝ እትዬ ጥሩነሽ ነበረች፣ ከሞተች ቆየች። የቀረችው ሐና ናት። እሷን ደግሞ እኔ ይቅር ብያት አመስግናኝ ሄዳለች።